የሰላጣ መጽሐፍ ለጀማሪ፦ ከየትኛው ሰላጣ ይጀመር?

ባለአራትኪሎዋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት አመሻችሁ። ላማክራችሁ ነው የመጣሁት። ለጀማሪ የሚሆን የሰላጣ መጽሐፍ በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። ቀጭን፣ ቦርሳ ውስጥ የምትገባ። አንባቢዬ ብዬ የማስበው አዋሬ ወይ ግንፍሌ አንድ ክፍል ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ሽሮ ይችላል። እንቁላል ይጠብሳል። ሰላጣ ሲባል ግን ቲማቲምና ሽንኩርት ከትፎ፣ ሎሚ ጨምቆበት እዚያው ያቆማል። ያለው አንድ ቢላዋ፣ አንድ መክተፊያ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ነው።

ከመጽሐፍ አዟሪ የገዛኋቸው የውጭ የሰላጣ መጻሕፍት አሉኝ። ፎቷቸው ምራቅ ያስውጣል። ግን ገና ሲጀምሩ ሩኮላ የሚባል ቅጠል ይላሉ፣ ፌታ የሚባል አይብ ይላሉ፣ ኦቨን ውስጥ የተቆላ የጥድ ፍሬ ይላሉ። መለኪያው ሁሉ በግራም ነው። ስንታችን ቤት ሚዛን አለ?

አሁን ያለኝ ማውጫ ይሄ ነው፦ የቅጠል ሰላጣ፣ የቲማቲም፣ የሥራ ሥር፣ የጥራጥሬ፣ የፓስታና የሩዝ፣ የፍራፍሬ። ሲደመር 40 ዓይነት። ምን ጎደለ? ምን በዛ? ሳትራሩ ንገሩኝ።

ጉርሻ_በዛ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:24

40? ለጀማሪ? እኔ 6 ከበቂ በላይ ነው ባይ ነኝ። 6ቱን በደንብ የቻለ ሰው ሰባተኛውን ራሱ ይፈጥራል።

ነጩ_ሽርጥ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:02

እህቴ ሐሳብሽ ደስ ይላል። እኔ ስታዲየም አካባቢ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ነው የምሠራው፣ ቀዝቃዛው ክፍል። ቀኑን ሙሉ ሰላጣ ነው ሥራዬ። እና የምመክርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከማንኛውም ሰላጣ በፊት ድሬሲንጉን አስተምሪ። መጽሐፍሽ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ገጾች ለእሱ ብቻ ይስጥ።

ድሬሲንግ ማለት ጨው፣ ኮምጣጣ ነገርና ዘይት ነው። ሌላው ጌጥ ነው። የውጭ መጻሕፍት 3 እጅ ዘይት ለ1 እጅ አቼቶ ይላሉ። ጥሩ መነሻ ነው። ኮምጠጥ ያለ ለሚወድ የእኛ ሰው ግን 2 ለ1 ይስማማዋል። ቀምሶ ይወስን።

ቅደም ተከተሉን ግን አጥብቀሽ ጻፊው። ጨው ዘይት ውስጥ አይሟሟም። መጀመሪያ ጨውና ሎሚ፣ ጨው እስኪጠፋ ማማሰል፣ ከዚያ ዘይት። ብዙ ሰው ሦስቱንም አንድ ላይ ይደፋና "ሰላጣው አልጣፈጠም" ብሎ ጨው ይጨምራል። ጨው ታች ሳህኑ ላይ ተኝቷል እኮ! ክዳን ያለው ባዶ ብልቃጥ ውስጥ ከትቶ መነቅነቅ ከሁሉ ይቀላል። ትንሽ ሰናፍጭ ከገባበት ዘይቱና ሎሚው ቶሎ አይለያዩም።

ዘይቱን በተመለከተ፣ የሚረጋው የፓልም ዘይት ለዚህ አይሆንም። በክረምት ቅጠሉ ላይ ይረጋና አፍ ላይ ይለጠፋል። የሱፍ ወይም ሌላ ፈሳሽ ዘይት ይበቃል። የወይራ ዘይት ካገኘ እሰየው፣ ካላገኘ ግን ሰላጣው አይቀርም።

ሌላ፦ ድሬሲንግ በማንኪያ አይቀመስም። ለብቻው ሁልጊዜ ይመራል ወይ ይኮመጥጣል። የሚቀላቀለውን ቅጠል ወይ ድንች ነክሮ ነው መቅመስ።

ባለአራትኪሎዋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:15

ይሄን እንዳለ ብወስደው ይከፋሃል?

ነጩ_ሽርጥ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:16

ውሰጂው። የመጀመሪያዋን ቅጂ ግን ለእኔ።

ሳር_አልበላም
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

ይቅርታ ቤተሰብ፣ ሰላጣ የበሬ ምግብ ነው። በዛ ላይ የታመምኩትም በሱ ነው። ፒያሳ አንድ ካፌ "ስፔሻል ሰላጣ" በልቼ ሳምንቱን መጸዳጃ ቤት ነው ያሳለፍኩት። ሐኪሙ አሜባ አለኝ። ጀማሪን ጥሬ ቅጠል አብሉ ብሎ መምከር ኃላፊነት አለው። የዚህን ጉዳይ ምን አስባችኋል?

ማይክሮስኮፕ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ወንድሜ እግዜር ይማርህ። ቀልዱን ትተን ጥያቄው ትክክለኛ ነው። እኔ ላብራቶሪ ነው የምሠራው፣ አሜባና ጃርዲያ በየቀኑ አያለሁ።

መጽሐፉ ውስጥ ስለ አጠባ አንድ ሙሉ ገጽ ያስፈልጋል። "በደንብ ይታጠብ" የሚለው አይበቃም። ብዙ ሰው ቅጠሉን አቼቶ ወይ ጨው ውሃ ውስጥ ይነክርና በቃ ንጹሕ ነው ይላል። አቼቶ አንዳንድ ባክቴሪያ ይቀንሳል። የአሜባ ዕንቁላል የምንለውን፣ ማለትም ሽፋን ያለውን ቅርጹን፣ አይገድልም። ለመጠጥ ውሃ የሚጨመረው ዓይነት የክሎሪን መጠንም ለእሱ አስተማማኝ አይደለም። የሚገድለው ሙቀት ነው። ስለዚህ ለጥሬ ቅጠል ያለን መሣሪያ ጠርጎ ማውጣት ነው።

እንዲህ ይሁን። የውጭዎቹ ቅጠሎች ይጣሉ። ቀሪው አንድ በአንድ ይገንጠል። እያንዳንዱ ቅጠል በሚወርድ ውሃ ሥር ከፊትም ከኋላም በጣት ይታሽ፣ በተለይ አፈር የሚደበቅበት የግንዱ ሥር። መጨረሻ ላይ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይለቅለቅ። መታጠብ ያለበት ከመከተፉ በፊት ነው። ሎሚውም አቮካዶውም ልጣጩ ሳይነሳ ይታጠብ፣ ቢላዋው ልጣጩ ላይ ያለውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባላ። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ላይ ደግሞ ሳይታጠብ ሰላጣ አይከተፍም። በዚህ ሁሉ አደጋው ይቀንሳል እንጂ ዜሮ አይሆንም። ነፍሰ ጡርና አቅሙ የደከመ ሰው ጥሬ ቅጠል ቢቀርበት ይሻላል።

ታጥቦ የማይለቅ ነገርም አለ። ከተማችን ውስጥ በአቃቂና በገባሮቹ ዳር በመስኖ የሚበቅል ቅጠላ ቅጠል አለ። ወንዙ ውስጥ የፋብሪካና የሽንት ቤት ፍሳሽ ይገባል። ጀርሙ ቢታጠብ እንኳ ቅጠሉ ከሥሩ የሳበው ከባድ ብረት በውሃ አይለቅም። ሻጯን "ከየት የመጣ ነው?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

የፒያሳ_እናት
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:20

እንደምን አደራችሁ ልጆቼ። ሁላችሁም ስለ ቅጠል ታወራላችሁ። የእኛ ሰላጣ እኮ አብዛኛው የበሰለ ነው። ቀይ ስሩ ይቀቀላል፣ ድንቹ ይቀቀላል፣ ፎሶሊያው ይቀቀላል፣ የአዚፋው ምስር ይቀቀላል። ለልጁ እሱን አስተምሪው ልጄ። ሆዱም አይታወክም።

ማይክሮስኮፕ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:45

እማማ ተባረኩ። እኔ በሁለት ገጽ ያልኩትን እርስዎ በሁለት መስመር ጨረሱት።

ነጩ_ሽርጥ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:30

በእማማ ሐሳብ ላይ ልጨምር። የቅጠል ሰላጣ ቀላል ይመስላል እንጂ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ማጠቡ አለ። ከታጠበ በኋላ ማድረቁ አለ። እርጥብ ቅጠል ላይ ዘይት አይዝም፣ ድሬሲንጉ ተንሸራቶ ታች ይጠራቀማል። ከተቀላቀለ በኋላ ደግሞ ጨውና ሎሚው ቶሎ ያጠወልገዋል፣ ስለዚህ ልክ ሊበላ ሲል ነው የሚቀላቀለው። ማታ ደክሞት የሚገባ ሰው ይሄን ሁሉ አይችልም።

የተቀቀለው ግን ይታገሣል። አንዳንዱ እንዲያውም ሲያድር ይጣፍጣል። ስለዚህ ማውጫሽን ገልብጪው። የውጭዎቹ መጻሕፍት በቅጠል ጀምረው በጥራጥሬ ያበቃሉ። አንቺ በጥራጥሬና በሥራ ሥር ጀምሪ፣ ቅጠሉን መጨረሻ አድርጊው።

ጾመኛዋ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:10

እኔም በዚሁ እስማማለሁ፣ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው። ከነገ ወዲያ ዓርብ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ ነቢያትና ሐዋርያት ሲጨመሩበት ዓመቱ እንዴት እንደሚያልቅ ታውቁታላችሁ። ማዮኔዝ እንቁላል አለው። አይብና ፌታ አይሆንም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሰላጣ ጎን ጾም ወይ ፍስክ የሚል ምልክት ይኑር። ፍስክ የሆነውን በምን እንደሚተኩትም ይጻፍ። ለምሳሌ የድንች ሰላጣ በማዮኔዝ ፈንታ በተፈጨ አቮካዶ፣ በሎሚና በትንሽ ሰናፍጭ ቆንጆ ይሆናል።

(የዓሣውን ነገር እዚህ እንዳታነሱት። ክሩ በዛው ይቀራል።)

ጉርሻ_በዛ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:12

ዓሣ በጾም ይበላል እኮ።

ጾመኛዋ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:13

አልኩ አይደል?

ባለአራትኪሎዋ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:40

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ፣ እጃችሁ ይባረክ። ጥያቄ ለእማማ፦ አዚፋውን በእርስዎ አሠራር ብነግራቸው ደስ ይለኛል። ሰናፍጩ ለእኔ አንዳንዴ አናት ይወጣል፣ አንዳንዴ ምንም አይልም። ለምን ይሆን?

የፒያሳ_እናት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:05

ልጄ፣ ድፍን ምስር ነው የምትይዢው። አረንጓዴ የሚመስለውን፣ ያልተከካውን። ለቅመሽ፣ አጥበሽ ትቀቅይዋለሽ። ሎሚ ገና ሲፈላ አታስጠጊው፣ ኮምጣጣ ነገር ምስርን ቶሎ አያበስለውም። ሲበስል ውሃውን አጥልለሽ ትተዪዋለሽ፣ ይቀዝቅዝ። ከዚያ በማንኪያ ጀርባ ግማሹን ደፍጠጥ፣ ግማሹን ተዪው። ከነፍሬው ነው የሚያምረው።

ሰናፍጩ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚለወሰው። በሙቅ ውሃ ከለወስሽው ሞተ። ለውሰሽ ሸፍነሽ ትንሽ ታቆዪዋለሽ፣ ያኔ ኃይሉ ይወጣል። ሎሚውን ከዚያ በኋላ ነው የምትጨምሪው። ገና ከመጀመሪያው ሎሚ ካገኘው አይነሳም። ምስሩም ትኩስ ከሆነ ሰናፍጩን ይገድለዋል። ያንቺ አንዳንዴ ምንም የማይለው በዚህ ይመስለኛል። ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ደቆ ይገባል፣ ዘይት ጠብ ይደረጋል። በቃ።

ከፍታ2300
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ ስለ መቀቀል ሲነሳ ግን አላስቻለኝም። የውጭ መጽሐፍ "ድንቹን 15 ደቂቃ ቀቅል" ሲል ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ የማይል ከተማ ላይ ሆኖ ነው የሚያወራው። እዚያ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። እኛ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ላይ ነን። አራት ኪሎ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳቱን ብትጨምሩም ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም፣ ቶሎ ይተናል እንጂ። ስለዚህ ድንቹም፣ እንቁላሉም፣ ምስሩም እዚህ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋሉ።

በመጽሐፉ ላይ ደቂቃ ብቻ አትጻፊ። "ቢላዋ ሲወጋው ሳይታገል እስኪገባ" በይ። ቦሎቄ የሚገባበት ሰላጣ ካለሽ ደግሞ ጠንቀቅ። ቀዩ ቦሎቄ ጥሬውን ወይ በደንብ ሳይበስል ከተበላ ሆድ ክፉኛ የሚያውክ ነገር አለው። አሳድሮ ነክሮ፣ የነከሩበትን ውሃ ደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ክትክት አድርጎ ማብሰል ነው። ፕሬዠር ያለው ሰው በእሱ ይጠቀም።

የጉሊት_ደንበኛ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:00

ስለ ገበያው ማንም አላነሳም። አትክልት ተራ ፒያሳ በነበረ ጊዜ መሀል ከተማ ያለ ሰው በእግሩ ሄዶ የፈለገውን ይሸምት ነበር። በ2012 በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ሄደ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት። አሁን የእኛ ሰው ለአንድ ራት ብሎ ኃይሌ ጋርመንት አይሄድም። የሚገዛው ከሠፈር ጉሊት ነው፣ ሲመቸው ከእሁድ ገበያ።

ጉሊት ላይ ደግሞ ያለው ይታወቃል። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ስር፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሎሚ፣ አንዳንዴ አቮካዶ። ከዚህ ውጭ የሆነ ነገር የሚጠይቅ ሰላጣ ለጀማሪ አይጻፍ። የሚሸጠውም በመደብ ነው። "300 ግራም ቲማቲም" ብትዪው አይገባውም። "መካከለኛ ቲማቲም 3" በይው። ዘይቱን በሾርባ ማንኪያ፣ ምስሩን በሻይ ብርጭቆ።

አቮካዶ ጠንካራውን ገዝቶ ከሙዝ ጋር በጋዜጣ መጠቅለልንም ጨምሪበት። ሙዙ የሚያወጣው ጋዝ ቶሎ ያበስለዋል። የበሰለውን ሲገዛ ግማሹ ውስጡ ጥቁር ሆኖ ያገኘዋል፣ ተጭኖ የማያውቅ ደንበኛ የለማ።

ሳር_አልበላም
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:20

እሺ፣ ቲማቲም ፍትፍት ሰላጣ ነው? ከሆነ እኔም ሰላጣ በሊታ ነኝ ማለት ነው።

ጾመኛዋ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:26

ፍትፍት ፍትፍት ነው። ሰላጣ አይደለም።

ነጩ_ሽርጥ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:50

እኔ ነው እላለሁ። ጣሊያኖች ቶስካና ውስጥ የደረቀ ዳቦ በቲማቲም፣ በሽንኩርት፣ በዘይትና በአቼቶ አርሰው ፓንዛኔላ ይሉታል፣ ሰላጣ ነው የሚሉት። ሊባኖሶችና ሶሪያዎች የተጠበሰ ቂጣ ከአትክልት ጋር ቀላቅለው ፋቱሽ ይሉታል። እኛ ደግሞ እንጀራውን። ለአዋሬው ልጅ ከዚህ የቀለለ የመጀመሪያ ትምህርት የለም፣ ምክንያቱም ሳያውቀው ድሬሲንግ እየሠራ ነው። መጀመሪያ ቲማቲሙን በጨው አቁመው። ጨው ውሃውን ይስባል። ያ ውሃ ከሎሚና ከዘይት ጋር ሆኖ እንጀራውን ያርሰዋል። በተራ የቲማቲም ሰላጣ ግን ጨው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፣ አለዚያ ሳህኑ ኩሬ ይሆናል። ያው ጨው ነው፣ ልዩነቱ ሰዓቱ ነው።

ለውጮቹ ዕቃዎች ምትክም አለን። ለተጠበሰው ዳቦ ድርቆሽ። ለጥድ ፍሬ የተቆላ ኦቾሎኒ ወይ የዱባ ፍሬ። ለፌታ ውሃው በደንብ የተንጠፈጠፈ አይብ፣ ጨው ጠንከር ተደርጎ። ጣዕሙ ፌታ አይደለም፣ ሥራውን ግን ይሠራል።

ሳር_አልበላም
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:52

ድርቆሽ ካለበት አንድ ቅጂ እገዛለሁ።

ባለአራትኪሎዋ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:30

ማውጫውን ገልብጬዋለሁ። መጀመሪያ ድሬሲንግ። ከዚያ ቲማቲም ፍትፍት (ጾመኛዋ ትታገሠኝ)፣ ከዚያ አዚፋ፣ የቀይ ስርና የድንች፣ የሽንብራ፣ የጥቅል ጎመን፣ የአቮካዶ። የማይክሮስኮፕ የአጠባ ገጽ ይከተላል። የቅጠል ሰላጣ ከእሱ በኋላ። በጠቅላላው 12። ፓስታና ፍራፍሬ ቀርተዋል። የፓስታ ሰላጣ የሚፈልግ ሰው ፓስታ ይብላ።

የሙከራ ገጽ ይኸው። ያልገባችሁን ንገሩኝ።

የቀይ ስርና የድንች ሰላጣ (ጾም፣ ለ2 ሰው)
መካከለኛ ቀይ ስር 2፣ ድንች 3፣ ካሮት 1፣ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት 1፣ ቃሪያ 1። ለድሬሲንጉ ዘይት 4 የሾርባ ማንኪያ፣ የሎሚ ጭማቂ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ጨው።

ቀይ ስሩን እጠበው እንጂ አትላጠው። የቅጠሉን ግንድ ጣት በሚያህል ተውለት፣ ጭራውንም አትቁረጠው። ከተቆረጠ ቀለሙና ጣዕሙ ውሃው ውስጥ ያልቃል። ቢላዋ ሳይታገል እስኪገባ ቀቅለው። ብዙ ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ጣደው። ድንቹንና ካሮቱን በሌላ ድስት ቀቅል። እስኪበስሉ ሽንኩርቱን አድቅቀህ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከረው፣ የሚያቃጥለው ይቀንሳል። ድንቹን ገና ሞቅ እንዳለ ልጠህ ከትፈው፣ ግማሹን ድሬሲንግ ያኔውኑ አፍስበት። ትኩስ ድንች ይመጠዋል፣ የቀዘቀዘ አይመጠውም። ቀይ ስሩ ሲቀዘቅዝ ልጣጩ በእጅ ይወልቃል። ከትፈህ በቀረው ድሬሲንግ ለብቻው አሸው። ሁሉንም ልታቀርብ ስትል ብቻ ቀላቅል።

ከፍታ2300
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:55

"ብዙ ጊዜ" ስንት ነው? ጀማሪው ራት ስንት ሰዓት እንደሚበላ ማወቅ አለበት። "እንደ መጠኑ ከ1 ሰዓት ሊበልጥ ይችላል፣ ከተቻለ በዋዜማው ቀቅለው" በይው። አንድ ሰሃን ውሃም ከጎን ይኑረው፣ እየተነነ ሲሄድ እንዲጨምር። የፈላ ውሃ ይሁን፣ ቀዝቃዛ ከጨመረ መፍላቱ ይቋረጣል።

የፒያሳ_እናት
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1:10

ካሮቱ ከድንቹ ቀድሞ ይገባ ልጄ፣ እኩል አይበስሉም። ቃሪያውን ደግሞ ጻፍሽው እንጂ መቼ እንደሚገባ አልነገርሽውም።

ባለአራትኪሎዋ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1:35

ከሽንኩርቱ ጋር ደቆ፣ መጨረሻ ላይ። አሁኑኑ እጨምራለሁ እማማ። የሽንብራውን ገጽ ማታ እለጥፋለሁ። ዛሬ ጾም ስለሆነ ራታችሁ ላይ ብትሞክሩት ደስ ይለኛል፣ ሽንብራውን ከአሁኑ ንከሩ።